ጥር 29 ስለሚመጡት እንግዶች

ሚኒያፖሊስ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለእማዬና ለመላው ቤተሰብ፤

እንደምን ከርማችኋል? እኔና ልጆቹ ከናፍቆታችሁ በቀር ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እንኳን ለጌታችን የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ሌላውን ወሬ በስልክ እናወራዋለን፤ ይህን ግን በጽሑፍ ማድረግ የመረጥኩት እየመላለስክ እንድታየው ነው። የእማዬ ጉዳይ መጨረሻው ላይ አለ፤ አንብብላት።

ከእኛ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡት አገልጋዮች 14 ናቸው። ከአዲስ አበባ ጅማ በመኪና የማምጣቱን ኃላፊነት አንተ ላይ እንደጣሉት ሰምቻለሁ። ከምጽፍልህ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትሰማኝ ከሆነ ይህን ስማኝ፤ ዕቃው ሐሙስ ለብቻው ይውጣ፣ ሰው አርብ ይከተል።

ሂሳቡን ተመልከት። እያንዳንዱ ሰው 23 ኪሎ የሚመዝን ሁለት ሻንጣ ይዞ ነው ከዚህ የሚነሳው። 28 ሻንጣ፣ 644 ኪሎ ማለት ነው። በእጅ የሚያዘው ቦርሳ ከዚህ ውጭ ነው። ኮስተር ወንበሩ ይበቃችኋል፤ 14 እንግዳ፣ አንተ፣ ሹፌሩና ረዳቱ 17 ናችሁ። ሻንጣ ማስቀመጫው ግን ኋላ ያለችው ትንሽ ቦታ ናት። የቀረው ወይ መተላለፊያው ላይ ይከመራል፣ ወይ ጣሪያው ላይ ካለው ፖርቶ መጋላ ላይ ይወጣል። መተላለፊያው ከተዘጋ አንድ ሰው ለሽንት ሲወርድ አሥር ሰው ይነሳል፤ አደጋ ቢመጣ ደግሞ መውጫ የለም። ፖርቶ መጋላ ላይ ግማሽ ቶን ከጫንክ መኪናው ከላይ ይከብድና ግቤ ኩርባ ላይ ያዘምማል። ገመዱም መንገድ ላይ ይላላል፣ ሸራው ይቀደዳል፣ በየ50 ኪሎ ሜትሩ እየቆሙ ማሰር ይመጣል። ያ ብቻውን ሁለት ሰዓት ይበላል።

ስለዚህ ረቡዕ ማታ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ሻንጣዎቹን ሰብስብና ሰፊ ፕላስተር ለጥፈህ ከ1 እስከ 28 ቁጥር ጻፍባቸው። ወረቀት ላይ ቁጥሩን፣ የባለቤቱን ስምና በውስጡ ያለውን በአጭሩ አስፍርና በቤተ ክርስቲያኒቱ ማኅተም አስመታው። ኬላ ላይ «ይሄ ሁሉ ዕቃ የማነው?» ሲባል መልሱ ያ ወረቀት ነው። ሃይሉክስ ፒክአፕ ክብደቱን ይችለዋል፤ ነገር ግን 28 ሻንጣ ከመጋላው በላይ ስለሚቆለል ባለ ሸራ ኤን ፒ አር የጭነት መኪና ይሻላል። ከወጣቶቹ አንዱ አብሮ ይሂድ። አርብ ጠዋት ዕቃው ጅማ ገብቶ ከተቆለፈበት በኋላ ደውሎ ይንገርህ።

እያንዳንዱ ሰው አርብ የሚይዘው አንድ የጀርባ ቦርሳ ብቻ ነው፤ ፓስፖርት፣ ቅያሪ ልብስ፣ ሹራብ፣ የራሱ መድኃኒት። መድኃኒት በምንም ምክንያት ከሻንጣ ጋር ቀድሞ አይሂድ። አንዷ ሴትዮ ኢንሱሊን የምትወስድ ናት። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ሸራ ሥር ውሎ የግቤን ቆላ ካቋረጠ ይበላሻል፣ ሲበላሽም መልኩ ላይነግርህ ይችላል። ትንሽ የበረዶ ሳጥን ይዛለች፤ በረዶው ግን ጠርሙሱን በቀጥታ እንዳይነካው ጨርቅ መሃል ይግባ። የቀዘቀዘ ይሠራል፣ በረዶ የሆነ ግን አይሠራም።

አሁን ስለ ሰዓት። የቡድኑ መሪ በላከው ወረቀት ላይ ቀኑ 02/06፣ መነሻው 6:30 ይላል። ያ ወረቀት እንዳለ ለሹፌር እንዳይሰጥ! አሜሪካኖች ወርን ከቀን ያስቀድማሉ፤ ፌብሩዋሪ 6 ማለታቸው ነው፣ በእኛ ጥር 29። እኛ አገር የሚያነበው ሰው ግን የካቲት 2 ብሎ ሆቴሉን ለሰኞ ይይዝላቸዋል። 6:30 ያሉትም የንጋቱን 12 ሰዓት ተኩል ነው። ሹፌሩ በእኛ አቆጣጠር ካነበበው በቀትር ከች ይላል፣ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። አንተ እንደገና በፊደል ጻፈው፤ «አርብ ጥር 29 ቀን 2018፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል»። ለሹፌሩም፣ ለሆቴሉም፣ ለምግብ ቤቱም ያንኑ አንድ ወረቀት ስጥ።

የኮንትራት ዋጋ ስትነጋገር ከነነዳጁ መሆን አለመሆኑን፣ የሹፌሩና የረዳቱ አልጋና ምግብ በማን እንደሆነ፣ መኪናው ጅማ አድሮ እንደሆነ የሚመለሰው አስቀድመህ ጨርስ። መንገድ ላይ ትርፍ ሰው እንደማይጫንም ጨምርበት፤ ረዳቶች ባዶ ወንበር ሲያዩ እጃቸው አያርፍም። ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስና መንጃ ፈቃድ በዓይንህ እይ። ናፍጣ ሐሙስ ማታ ይሞላ እንጂ አርብ ጠዋት ሰልፍ ላይ እንዳትገኙ። ኮስተር በሊትር 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ጅማ ለመድረስ ከ50 እስከ 60 ሊትር ይበቃዋል፤ ሙሉ ታንከር ይዞ ከወጣ መንገድ ላይ ማደያ መፈለግ አይኖርም። ስኮርት (ትርፍ) ጎማው ነፋስ እንዳለው በእግርህ ሳይሆን በመለኪያ ይታይ። ክሪክ፣ ከክሪኩ ሥር የሚገባ ጣውላ፣ ትርፍ ቺንጋ፣ የፍሬን ዘይትና 20 ሊትር ውኃ በጀሪካን ይኑር።

ሐሙስ ማታ ወልቂጤና አሰንዳቦ ለምታውቃቸው ሰዎች ደውልና መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቅ። አርብ ንጋት ከመነሳትህ በፊትም ድገመው። ሰዎቹ ጥሩ ካልነገሩህ ጉዞው ይቅር፤ መሪያቸው ቢነጫነጭም ይነጫነጭ።

ጸሎቱም ማታ ይሁን። ይህን ስል እማዬ ትቆጣኛለች፤ ሞተር ተነስቶ፣ ሰው ተቀምጦ የሚጀመር ጸሎት ግን ሦስት ሰው ካልጸለየ አያልቅም፣ ያ 40 ደቂቃ ደግሞ ሰበታ ላይ የከባድ መኪና ሰልፍ ሆኖ ይመለስባችኋል። ጠዋት አንድ ሰው አጭር ይጸልይና ውጡ።

ቁርስ መኪና ውስጥ ይበላ፤ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ። ውኃ ባለ 2 ሊትር፣ ስድስት ስድስት የታሸገውን ሦስት እሽግ ያዝ። ወሊሶ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 3 ሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ። እዚያ ለሽንት ብቻ ቁሙ። መጸዳጃው አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ 14 ሰው በአራት በአራት ደቂቃ 56 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ሦስት ክፍል ያለው ሆቴል ቀድመህ ምረጥ፣ ሶፍት ይዘህ ግባ። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 14 ቁጥር ስጣቸው። ከየፌርማታው ሳትነሱ በአፋቸው ይቁጠሩ። አንተ በዓይንህ ብትቆጥር ረዳቱን ጨምረህ አንዷን መጸዳጃ ቤት ትተሃት ትሄዳለህ።

ምሳ ወልቂጤ ይሁን፤ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሆንም ይሁን። ከግቤ ወዲያ ለ17 ሰው ባንድ ጊዜ የሚያቀርብ ቤት ሳትደውል አታገኝም። ከወሊሶ ስትነሱ ደውለህ እዘዝ፣ ምርጫውንም ሦስት ዓይነት ብቻ አድርገው፤ በያይነቱ፣ ፓስታ፣ እንቁላል። 14 ፈረንጅ ሜኑ ከተሰጠው ማዘዙ ብቻ ግማሽ ሰዓት ነው። አርብ ስለሆነ ሥጋ የማያቀርብ ቤት ሊያጋጥም ይችላል፤ እንቁላሉንም ጠይቅ። ጉራጌ አገር ናቸውና ክትፎ ያምራቸዋል፤ ለመልስ ጉዞ ይቆይ። ጥሬ ሰላጣም እንዲሁ። አንዱ ስንዴ አይስማማውም፤ ጤፍ ይስማማዋል፣ እንጀራው ግን ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል ወጥ ቤቷን ራሷን ጠይቅ።

ከወልቂጤ በኋላ ያለው ቁልቁለት የቀኑ ከባድ ቦታ ነው። ከተማዋ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ግቤ ድልድይ ወደ 1,100። 800 ሜትር በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትወርዳለህ። ሹፌሩ በፍሬን ብቻ ከወረደ የፍሬኑ ሸራ ይግልና ፍሬኑ ይሰንፋል፤ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ከመጣ ቆማችሁ ይቀዝቀዝ፣ ውኃ አይደፋበት። በሚወጣበት ማርሽ ይውረድ። ማዶው ዳገት ላይ ደግሞ ተራው የራዲያተሩ ነው። ከፈላ ክዳኑን ወዲያው የከፈተ ፊቱን ይቃጠላል፤ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ። ድልድዩ ላይ አትቁሙ፣ ፎቶም አይነሳ። ድሮንና አቅርቦ ማያ መነጽር ቀድሞውኑ እንዳያመጡ ነግሬያቸዋለሁ፤ ቦሌ ላይ ይያዝባቸዋል። የወባ መድኃኒታቸውን ጀምረው ነው የሚመጡት፤ ጅማም ሲደርሱ አያቋርጡ፣ ወባው የቆላ ብቻ የሚመስላቸው አሉ።

በመንገድ ዳር ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ። እንግዶቹ አንጀታቸው ይላወስና በመስኮት ከረሜላና ባዶ ጠርሙስ ይወረውራሉ። ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ከልክል፤ ልጁ ጠርሙሱን እንጂ ከኋላ የሚመጣውን አይሱዙ አያይም። ጠርሙሱን ሰብስባችሁ ስትቆሙ በእጅ ስጡ።

አሰንዳቦን ከ8 ሰዓት በኋላ እለፉ። አርብ ነው፣ ጁምዓ የሚወጣው ሰው አስፋልቱን ይሞላዋል፤ በዚያ መሃል ክላክስ እያደረጉ መግባት ነውር ነው። ትራክትም ሆነ ማናቸውም ጽሑፍ በመንገድ ላይ አይታደል፣ ፌርማታ ላይም መዝሙር አይከፈት። በ2003 በዚያ አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ የሆነውን አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። የመጡት ክፍል ለመሥራትና ቀለም ለመቀባት ነው፤ የሚጠይቅ ካለ ይኸው ይነገረው።

እንዲህ ከሄደ ጅማ 10 ሰዓት ትገባላችሁ፤ ከመምሸቱ በፊት ሁለት ሰዓት መጠባበቂያ አላችሁ። ጎማ ቢፈነዳ የሚበላው እሱን ነው። ቢመሽባችሁ ግን ባላችሁበት ከተማ እደሩ። የተበላሸ ካሚዮን ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ደርድሮ ይቆማል፤ ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩን አስፋልት ላይ ጥሎት ነው። በሌሊት አይታይም። የታመመ ካለ ወሊሶ ቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል አለ፣ ወዲህ ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907ንም ስልክህ ላይ መዝግብ።

ጥሬ ብር በባለ 10ና በባለ 50 ዘርዝረህ ያዝ፤ የእነሱ ካርድ መንገድ ላይ አይሠራም። ደረሰኝ ሳትቀበል አትክፈል፤ እዚህ ሂሳብ የሚያዩት አዛውንት ለሻይ እንኳ ደረሰኝ ይጠይቃሉ። ኮስተሩ ፈረንጅ አራዳ ይቁም እንጂ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅያስ አይግባ፤ ከገባ መዞሪያ የለውም። ከዚያ ባጃጅ ይበቃል።

እማዬ፣ አሁን ያንቺ ነው። አርብ ማታ ቡና አታፍዪላቸው፤ ደክሟቸው ስኒውን እንደያዙ ይተኛሉ፣ አንቺም ታዝኛለሽ። ሾርባ ብቻ ይበቃቸዋል። ቡናውን ቅዳሜ ከሰዓት አድርጊው፣ ጎረቤቱንም ጥሪ። ከመካከላቸው አንዲት ወጣት ለውዝ ከቀመሰች ጉሮሮዋ ያብጣል። ለቅሞ ማውጣት አይበቃም፤ የዚያን ቀን ቆሎ ከሽምብራ ብቻ ይሁን፣ ለውዝ በነካው ምጣድም አይቆላ። ትንሿን ምጣድ ከእትዬ ተዋሺ።

ጉልበትሽን ስሜአለሁ።

ታላቅ እህትህ