ካምቢዮውን ከማስወረድህ በፊት

ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ ባክህ? ስንት ጊዜ ድምፅህ ጠፍቶ ስትመጣ ስለ መኪና መሆኑ አሳቀኝ፣ ግን በጣም ነው ደስ ያለኝ። የጠፋነው ሁለታችንም ስለሆንን መወቃቀሱን እንለፈው። ልጆቹ አድገዋል መቼም?

በቃ ወደ መኪናህ ልግባ። ገና አዲስ አውቶማቲክ ነው፣ ማርሽ ሲቀይር ግን ይመታል፣ አንዳንዴም ይዘገያል፣ ያየው መካኒክ ደግሞ ካምቢዮው ይውረድ ብሏል፣ አይደል? እንዳታስወርደው! ዋስትናው ካላለቀ እንዲያውም ማንም ቡሎን እንዳይነካ፣ በቀጥታ ለሸጡልህ ሰዎች ውሰድላቸው፣ አንዳንዴ ችግሩ በሶፍትዌር አፕዴት ብቻ ያልቃል።

ዋናው ነገር መቼ ነው የሚመታው? ጠዋት ቀዝቃዛ እያለ ትንሽ ሻከር ቢል ዘይቱ ስላልሞቀ ነው፣ ያን ያህል አያስጨንቅም። ከሞቀ በኋላ እየባሰ ከሄደ ግን ሌላ ነው። ከፒ ወደ ዲ ስታስገባ ቆይቶ ነው የሚይዘው? ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ዙር እየጨመረ መኪናው አልሄድ ይላል? ይሄ መንሸራተት ነው፣ ወይ ዘይት አንሷል ወይ ግፊት የለም ወይ ውስጥ ማርሾቹን የሚይዙት ፍሪሲዮኖች አልቀዋል፣ እንዲህ ከሆነ ብዙ አትንዳው።

በ60 እና በ80 መሀል ነዳጁን ቀለል አድርገህ ይዘህ ስትሄድ ፒስታ ላይ እንዳለህ የሚያንቀጠቅጥህ ከሆነ ደግሞ የቶርክ ኮንቨርተሩን፣ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘውን ክፍል፣ መቆለፊያ ነው የምጠረጥረው። ባዶ መንገድ ላይ ነዳጁን ሳትለቅ ፍሬኑን በግራ እግርህ በጣም ቀስ ብለህ ነካ አድርገው፣ መቆለፊያው ይለቃል፣ መንቀጥቀጡም አብሮ ከቆመ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ግን ተጠንቀቅ፣ አንድ ሲሊንደር በደንብ የማይተኩስ ከሆነም መቆለፊያው ሲለቅ ንዝረቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ የሞተሩን ሚስፋየር ቁጥር፣ ስንቴ ሳይተኩስ እንደቀረ ማለት ነው፣ በስካነር ሳታይ ካምቢዮው ላይ አትፍረድ፣ ስንቱ በካንዴላና በኮይል የሚያልቀውን ካምቢዮ ፈትቷል መሰለህ!

ስካኑ ላይ ርካሿን ማንበቢያ አትመን፣ ብዙዎቹ ሞተሩን ብቻ ነው የሚያነቡት። ፒ0700 የሚል የስህተት ኮድ ካየህ የካምቢዮው ኮምፒውተር የራሱ ኮድ አለው ማለት ነው እንጂ ምን እንደተበላሸ አይነግርህም፣ ካምቢዮው ውስጥ የሚገባ ስካነር ፈልግ። ኮድ ደግሞ ዕቃ አይደለም። ፒ0741 ማለት መቆለፊያው በሚገባው ልክ አልያዘም ነው፣ ምክንያቱ ያረጀ ዘይት ሊሆን ይችላል፣ ሶሌኖይድ (ዘይቱን በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋው) ሊሆን ይችላል፣ ቫልቭ ቦዲው (ዘይቱን የሚያከፋፍለው) ወይም ራሱ ኮንቨርተሩም ሊሆን ይችላል፣ ኮዱን አይቶ ወዲያው ዕቃ ግዛ የሚልህን ሰው ሽሸው። እና ኮዱ ሳይጻፍ እንዳያጠፉት፣ ባትሪም እንዳትነቅል፣ ማስረጃህን ታጠፋለህ። የባትሪውን ቮልቴጅ ግን ለካው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ 12.6 አካባቢ ነው የሚጠበቀው፣ ባትሪ ሲደክም ኮምፒውተሮቹ የሌለ ነገር ያወራሉ።

ዘይቱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አዳዲሶቹ ብዙዎቹ መለኪያ ዘንግ የላቸውም፣ ከስር ባለው ቡሽ ነው የሚታየው፣ መኪናው ለጥ ብሎ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሰራ፣ የዘይቱ ሙቀት አምራቹ ባለው ልክ ሲሆን፣ ሙቀቱንም በስካነር ነው የምታየው። ቀዝቅዞ ሳለ እስኪፈስ ከሞላኸው ሲሞቅ ይበዛል፣ ከልክ በላይ ግሎ ሳለ ከከፈትከው ደግሞ ያለ አግባብ ፈሶ ያንሳል፣ ሁለቱም ማርሹን ያበላሻሉ። ዕድሜ ልክ የማይቀየር ዘይት ነው የሚሉህን እኔ አልቀበልም፣ ካምቢዮ ከሚሰሩት ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ዜድ ኤፍ ራሱ ለሚሰራቸው ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ወይም በ8 ዓመት ቀይሩ ይላል። ዓይነቱን ከመጽሐፉ እይ፣ ሲቪቲ (በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሰራው ዓይነት) ከሆነ ደግሞ የራሱ ዘይት ነው፣ ሌላ እንዳይገባበት። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ወይ የብረት ፍንካች ከወጣ ያኔ ማስወረዱን እናወራለን።

ዘይት ተቀይሮ ወይ አፕዴት ተደርጎ አሁንም ከመታ አትደንግጥ፣ ኮምፒውተሩ የፍሪሲዮኖቹን አያያዝ እንደገና ይማራል፣ አንዳንዱ ላይ ትምህርቱን በስካነር ማስጀመር ያስፈልጋል።

እስቲ ከካምቢዮው ውስጥ የወጡትን ኮዶች ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ሞቆ ነው ቀዝቅዞ የሚመታው የሚለውንም ጻፍልኝ፣ ማታ ማታ ስልኬ ክፍት ነው ደውል። እማማን ሳምልኝ።