የገብስማው ላባ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዓይንዎ እስኪሻልዎት ድረስ ይህን እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎት። መርዶውን በማለዳ ጎረቤት ሰብስባ እንደነገረችዎ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ስልክ ስደውል እርስዎም እኔም ማውራት አቃተን። ቀብሩ እንዴት እንደነበረ የሚነግርዎት ሰው ያስፈልጋል ብዬ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

የጎርጎራውን አጥማጅ ወዳጅዎን፣ ጋሼን፣ በክብር ቀበርናቸው። ከጎንደር በሌሊት ተነሥተን፣ በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርገን ጎርጎራ ገባን። የደምቢያን የነሐሴ ጭቃ እርስዎ ያውቁታል። ሁለት ቦታ ወርደን መኪናውን ገፋን። ፍትሐቱ ደብረ ሲና ማርያም ነበር። ዝናቡ ለአፍታም አላባራም፤ ከሰው ግን አንድም ወደ ቤቱ የሄደ አላየሁም።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። ዓሣ አጥማጆቹ ያን ቀን ሐይቅ አልወረዱም። ታንኳዎቻቸውን በሙሉ አውጥተው፣ ደንገሉ እንዲደርቅ እንደሚያደርጉት፣ ዳር ላይ አቁመዋቸው ነበር። በዚያ ዝናብ የሚደርቅ ታንኳ የለም። ለጋሼ ብለው ነው ያቆሟቸው። እኔ እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር። እሱን ሳይ አልቻልኩም።

ለቅሶው ላይ ሁሉም የሚያወራው ስለ ላባው ነው። ወጣቶቹ እሳቸውን «ባለላባው» እያሉ ነው የሚጠሯቸው። በላባ ዓሣ ማጥመድን ማን እንዳስተማራቸው የሚያውቅ ግን ጥቂት ሰው ነው። እርስዎ ጎርጎራ መምህር ሳሉ አንድ ፈረንጅ መጥቶ ለጥቂት ሳምንታት ከእሳቸው ጋር ሲያጠምድ፣ በመካከላቸው የሚያስተረጉሙት እርስዎ እንደነበሩ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ሲሄድ የማጥመጃ ዘንጉን ትቶላቸው መሄዱንም።

ልጅ ሆኜ ሲወረውሩ ያየሁበት ንጋት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ሌላው ሰው መንጠቆው ላይ ትል ይሰካል፣ እርሳስ ያስርበታል፣ ይሰምጣል። የጋሼ መንጠቆ ግን ክብደት የለውም። ከገብስማ አውራ ዶሮ አንገት የተነቀለ ላባ በቀጭን ክር ተጠምጥሞበታል። እሱን ቢወረውሩት ነፋስ ይመልሰዋል። ስለዚህ የሚወረውሩት ወፍራሙን ክር ነበር። ዘንጉን ወደ ኋላ ይስቡና ክሩ በአየር ላይ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ከዚያ ወደፊት ይለቁታል። ላባው መጨረሻ ላይ ይደርስና ውኃው ላይ ጠብ ይላል፣ ልክ እንደ ዝንብ። እኔ ስሞክር ክሩ ጆሮዬን ገረፈኝ። «አትቸኩል» አሉኝ። «የኋላው ሳያልቅ የፊቱን አትጀምር።»

ያን ቀን አንድ ነጭ አሳ ያዙ። አፉን ከፈቱና «ጣትህን ክተት» አሉኝ። ፈራሁ። «ክተት እንጂ፣ ጥርስ የለውም።» እውነትም ልሙጥ ነበር። «ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። እንዲህም ሆኖ ዓሣ ይበላል። ላባዬን ትንሽ ዓሣ መስሎት ነው የመጣው።» ይህን ነገር ባሕር ዳር ስማር መምህሬ ሰሌዳ ላይ ጻፈው። የጣና ነጭ አሳዎች 15 ያህል ዝርያዎች ናቸው፤ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ለይቷቸው ስለኖረ እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ነው የተለያዩት። በፊሊፒንስ ላናኦ በሚባል ሐይቅ እንዲህ ያሉ ብዙ ዝርያዎች ነበሩ። አብዛኞቹ አልቀዋል። ክፍሉ ውስጥ ተማሪው ሁሉ ሲጽፍ እኔ የጋሼ ጣት ነበር የታየኝ።

አባባ፣ አሁን ለእርስዎ ነግሬዎት የማላውቀውን ልናገር። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በክረምት፣ ከሰፈር ልጆች ጋር መገጭ ወንዝ ሐይቁ ጋ የሚገባበት ቦታ ሄደን በሰው መረብ ዓሣ አፈስን። ይዘነው የመጣነው ዓሣ ብዛቱ ጉድ ነበር። እኔ ትልቋን ይዤ ኩራት እየነፋኝ ለጋሼ ላሳይ ሄድኩ። አልተቆጡም። ቢላዋቸውን አውጥተው ሆዷን ሰነጠቁት። ከዳር እስከ ዳር ዕንቁላል ነበር፣ እንደ ጤፍ ቅንጣት የተቆለለ። «ቁጠር» አሉኝ። መቁጠር ጀመርኩ። መቶ ሳልደርስ እንባዬ መጣ። «ክረምት ሲገባ ወንዝ ለወንዝ ሽቅብ የምትወጣው ጠጠሩ ላይ ልትወልድ ነው። አንተ በሯ ላይ ጠበቅካት» አሉኝ። ከዚያ ዓሣዋን ጠብሰው አበሉኝ፤ ለእርስዎም አልተናገሩም። ቢናገሩ ኖሮ እርስዎ እንደሚገርፉኝ ያውቁ ነበር። እኔ ግን ግርፋቱ ይቀለኝ ነበር።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የናይሎን መረብና የሞተር ጀልባ ጣና ላይ ሲገባ ሁሉም ሰው ሲደሰት እሳቸው ዝም እንዳሉ እርስዎ ነግረውኛል። እሳቸውም መረብ ነበራቸው። ቆሮሶና አምባዛ በመረብ ይዘው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት፤ በዐቢይ ጾም የሚሸጡት ነው የዓመቱን ወጪ የሚሸፍነው። ነጭ አሳን ግን በላባ ብቻ ነበር የሚይዙት። ክረምት ላይ ሆዷ ያበጠ ከሆነች ይለቋታል። ቶሎ እንድትላቀቅ የመንጠቆውን እሾህ ቀድመው በፒንሳ ጨፍልቀውታል። እጃቸውን ሳያርሱ አይነኳትም፣ ገላዋን የሸፈነው ሐር የመሰለ የሚያዳልጥ ልባጭ እንዳይላቀቅባት። ውኃ ውስጥ አፏን ወደ ወራጁ አዙረው ይይዟትና ራሷ ጭራዋን መትታ እስክትሄድ ይጠብቃሉ። ሰው «የያዘውን የሚለቅ ምን ዓይነት አጥማጅ ነው?» እያለ ያማቸው ነበር። አሁን ያው ሰው ለቅሶው ላይ ዓሣው እየራቀ ሄደ፣ መረቡ ባዶ ሆነ እያለ ያወራል። ሰምቼ ዝም አልኩ። ለቅሶ ላይ መከራከር ነውር ነው ብዬ እንጂ የምለው ነበረኝ።

በ2004 ዓ.ም. ገደማ እምቦጭ የሚሉት አረም በመገጭ በኩል ብቅ ሲል በእጃቸው ለመንቀል ከወጡት ሰዎች አንዱ ጋሼ ነበሩ። ያኔ እንኳ ሽማግሌ ነበሩ። «ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም» ይሉኝ ነበር። ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰፌድ ላይ እንደፈሰሰ ውኃ ነው፣ ቶሎ ይጎዳል።

የባሌውን ነገር ልጃቸው አነሣብኝ። ዌብ ወንዝ ውስጥ ከኬንያ የመጣ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ፣ ፈረንጆች በላባ የሚይዙት እሱን ነው ብለው ሁለታችሁ ስታወሩ እኔም ሰምቻለሁ። «መምህር ጡረታ ሲወጣ እንሄዳለን» ይሉ ነበር ጋሼ። እርስዎ ጡረታ ወጡ፣ ከዚያ የእማዬ ሕመም መጣ፣ ከዚያ የእርስዎ ዓይን። ጋሼ በዚህ ቅር አላላቸውም፤ ልጃቸው ምሎ ነው የነገረኝ። በመጨረሻው ሳምንት እንኳ «የመምህር ዓይን እንዴት ሆነ?» ብለው ጠይቀዋል።

ከሰልስቱ በኋላ ልጃቸው የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ሰጠኝ። ውስጡ ጥጥ ላይ የተሰኩ ዘጠኝ ላባዎች አሉ። ስምንቱ ያረጁ ናቸው፣ ዓሣ የነከሳቸው። አንዷ አዲስ ናት። ገብስማ፣ ቋጠሮዋ በቀይ ክር። ልጃቸው «ይቺን ባለፈው ፋሲካ ነው ያሰሯት፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፤ የመምህር ናት ብለዋል» አለኝ። ክሩ ሁለት ቦታ ላይ ተደራርቧል። እሾኋ ተጨፍልቋል።

አርባቸው መስከረም ውስጥ ነው የሚውለው። ሐኪሙ ከፈቀደልዎት መጥቼ በአውሮፕላን አመጣዎታለሁ፣ ከጎንደር ጎርጎራ ደግሞ ቀስ እያልን እንሄዳለን። ካልፈቀደም እኔ እዚያ እሆናለሁ። ቆርቆሮውን ቤት መጽሐፍ መደርደሪያዎ ላይ፣ ከመነጽርዎ መያዣ አጠገብ አስቀምጨዋለሁ። ገብስማዋን አልነካኋትም።

ልጅዎ
ከጎንደር