መሐንዲሶችዎን ይዘው ይምጡ፤ በአካል እንነጋገር

ለከተማችን የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፦

የአካል ጉዳተኞች ማኅበራችን ለእኛ ስለማይመቹ ሕንፃዎች አቤቱታ ባቀረበ ቁጥር ከጽሕፈት ቤትዎ የሚሰጠው መልስ «በጽሑፍ አስገቡ» የሚል ነው። አስገብተናል። አሁን የምጠይቅዎ ግን በወር አንድ ቀን ከእኛ ጋር ፊት ለፊት እንዲቀመጡ ነው።

ወረቀት ምን እንደሚሸፍን ደርሶብኝ አውቀዋለሁ። የምንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። በሰፈራችን አንድ የጤና ተቋም ሲገነባ ፕላኑ ላይ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ደረጃ የሌለው ተዳፋት መወጣጫ ተሥሎ ነበር፤ በርክክቡ ሰነድም «መወጣጫ አለው» ተብሎ ተጽፏል። እውነት ነው፣ አለው። ነገር ግን በተለመደው የ1 ለ12 መለኪያ (ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት) 60 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ደጃፍ ከ7 ሜትር በላይ የሚረዝም መወጣጫ ይፈልጋል፤ የተሠራው 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። ደጋግመን ብንጽፍም «መወጣጫው መኖሩ ተረጋግጧል» ከሚል መልስ በቀር ያገኘነው የለም። በመጨረሻ አንድ ወጣት መሐንዲስ ቦታው ድረስ መጣ። አንዲት አባላችን ለመውጣት ስትታገል ወንበሯ ወደ ኋላ ሲያንሸራትታት በዐይኑ አየ። ክርክር አላስፈለገም፤ ሜትሩን አውጥቶ ለካና «ይህ መፍረስ አለበት» አለ። ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ያንን ልጅ ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ደግሞ እኛን በሚመለከቱ ውሳኔዎች ላይ መንግሥት በቅርብ እንዲያማክረንና እንዲያሳትፈን ያስገድዳል። ቅጽ በማስሞላት ብቻ ይህን ግዴታ መወጣት አይቻልም።

መስማት ከተሳናቸው አባሎቻችን አብዛኞቹ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አላገኙም፤ በምልክት ቋንቋ አሳምረው የሚያስረዱትን በደብዳቤ መግለጽ አይችሉም። ዓይነ ስውራኑ ሌላ ሰው በሞላው ቅጽ ላይ ይፈርማሉ። በጽሑፍ ብቻ ተነጋገሩ ሲባል እነዚህ ወገኖች ከነጉዳያቸው ተረሱ ማለት ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሥራ እንደሚበዛብዎ እረዳለሁ። የእኛም ሰዎች ታክሲ እየተዋቸው ስለሚያልፍ አንድ ቦታ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል፤ ቢሆንም ይመጣሉ። ስለዚህ ስብሰባው ደረጃ በሌለው አዳራሽ ይሁን፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይገኝ። ፕላን የሚያጸድቁትና ግንባታ የሚቆጣጠሩት ባለሙያዎች ከእርስዎ ጋር ይምጡ፤ የመወሰን ሥልጣን የሌለው ተወካይ ብቻ ከመጣ «ለበላይ አቀርባለሁ» ይባልና ጉዳዩ እዚያው ያድራል። ጽሑፍን አልንቅም፤ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚሠራ በቃለ ጉባኤ ይስፈር፣ ግልባጩም ይሰጠን።

የመጀመሪያውን ስብሰባ በዕድራችን አዳራሽ ለማስተናገድ ዝግጁ ነን። ቀኑን ጽሕፈት ቤትዎ ይቁረጥልን፤ አባሎቻችንን እኛ እንጠራለን።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር
የማኅበሩ አባል