ስለ ተራራሽ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በርበሬውን አስፈጭታ ጨርሳለች፤ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ስናገኝ እንልክልሻለን።

ባለፈው እሑድ ደውለሽ «አባዬ፣ ተራራዬን አፈረሳችሁት የሚባለው እውነት ነው?» ስትዪኝ «ስትመጪ እነግርሻለሁ» ብዬ ወሬ ቀየርኩ። ልክ አልነበርኩም። ከወንድምሽ አፍ ከመስማትሽ በፊት እኔ ልነግርሽ ይገባ ነበር። አዎ፣ እውነት ነው፤ በአድዋ ጦር ሜዳ ሞዴላችን ላይ ዛፎችሽን የተከልሽበትን ኮረብታ ቆርጠነዋል። መጋዙን የያዝኩትም እኔ ነኝ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

ሜዳውን እንደተውሽው አታገኚውም። አንቺ ስትሄጂ 400 ያልሞላ ወታደር ነበረን፤ አሁን 800 አልፈናል። አንድ ምስል ለ100 ሰው እንዲቆም የተስማማነው አልተቀየረም። መቶ ሺህ ገደማ ለሚገመተው ለምኒልክ ጦር 1,000፣ ለጣሊያኑ አዛዥ ለባራቲየሪ 17,700 ሰው ደግሞ 177 ነው የሚያስፈልገን። የጣሊያኑ ወገን ሞልቷል፤ የጎደለው የኛው ነው። መዋጮውን እንደ እቁብ አድርገነዋል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው በወሩ ገንዘብ ምን እንደሚመጣ ይመርጣል። ልብስ ሰፊዋ እትዬ ሁለት ጊዜ ደርሷቸው ሁለቴም ፈረሰኛ አስመጡ።

ሸማ የሚቀቡትም አሁን እሳቸው ናቸው፤ ብታዪ ደስ ይልሽ ነበር። ነጭን በነጭ አይጀምሩም። መጀመሪያ ውኃ የበዛበት ቡናማ ይቀባሉ፤ ቀለሙ ራሱ ወርዶ እጥፋቱ ውስጥ ይተኛል። እሱ ሲደርቅ አመድማ ነጭ፣ መጨረሻ ላይ የእጥፋቱን ጫፍ ብቻ ንጹሕ ነጭ። ጥለቱን በስቴኪኒ ጫፍ ነው የሚያሰፍሩት፣ ትንፋሻቸውን ውጠው። 24 ሚሊ ሜትር ቁመት ባለው ሰው ላይ ጥለቱ ከፀጉር አይወፍርም። ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ የቀባሁት ከእሳቸው አጠገብ ሲቆም ወረቀት የለበሰ ነው የሚመስለው።

ወደ ተራራሽ ልመለስ።

መሬቱን የለካሁት እኔ መሆኔን ታስታውሻለሽ። ምስሎቹ 1 ለ72 ናቸው። መሬቱንም በዚያው ልክ እንሥራው ብንል አንዷ ኪሎ ሜትር 14 ሜትር ልትሞላ ምንም አይቀራትም፤ የአናጢው ጋሼ ቤት ቀርቶ ግቢያቸውም አይበቃም። ስለዚህ ለመሬቱ 1 ለ4,000 ያዝን፤ አንድ ሳንቲ ሜትር 40 ሜትር ሆነ ማለት ነው። በዚህ ስሌት የ100 ሜትር ኮረብታ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ሆኖ ከሰውዬው እኩል መጣ። አንቺ ነሽ ያን ጊዜ «ሰውየው ተራራውን ሊያቅፈው ነው» ያልሽው። ከፍታውን ሦስት እጥፍ ያደረግነውም ከዚያ በኋላ ነው። ይሄ ሁሉ ትክክል ነበር።

የተሳሳትኩት ቦታው ላይ ነው። የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ ያስቀመጥኩት ከአንድ ፎቶ ኮፒ ንድፍ ላይ አይቼ ነው። ንድፉ ስኬል የለውም፣ ሰሜኑም በቅጡ አይለይም። ቅየሳ ላይ በሠራሁበት ዘመን አንድ ልጅ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ቢመጣ ሳላይለት እመልሰው ነበር። ግን ክረምቱ ሊያልቅ፣ አንቺም ትምህርት ልትጀምሪ ነበር፤ ዛፎችሽን ተክለሽ እንድታዪው ቸኮልኩ።

ዘንድሮ አንድ ምህንድስና የሚማር ልጅ ወደኛ መጥቷል። ዝም ያለ ልጅ ነው። ሦስተኛው ቅዳሜው ላይ ስልኩን አውጥቶ የከፍታ ካርታ አሳየኝና «ጋሼ፣ ይቺ ኮረብታ ቦታዋ እዚህ አይመስለኝም» አለኝ። ተቆጣሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ። እኔ የምቆጣው ለመለኪያው መስሎኝ ነበር፤ የማስበው ግን የአንቺን ዛፎች ነበር። ልጁ አልመለሰልኝም፤ ብቻ በየሳምንቱ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይጠብቀኛል።

የገላገለን የታሪክ መምህሩ ነው። አንድ ቀን ጣሊያኖቹን ከየሳጥናቸው አውጥቶ የካቲት 22 ማታ ከሳውሪያ ሰፈራቸው እንደተነሱ አድርጎ በአራቱ የብርጌድ አዛዦች ደረደራቸው፤ ዳቦርሚዳ በቀኝ፣ አሪሞንዲ መሀል፣ አልበርቶኔ በግራ፣ ኤሌና ደጀን። ከዚያ በሸምበቆ እየነካ ሌሊቱን አስኬዳቸው። አልበርቶኔ የታዘዘው ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ነው። የተሰጠው ንድፍ ካርታ ግን ስሙን ሌላ ኮረብታ ላይ ጽፎታል። ካርታው ያለው ቦታ ደርሶ ቆሞ ሳለ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት ነው ተባለ፤ ቀጠለ። ከሌሎቹ ብርጌዶች በኪሎ ሜትሮች ተነጥሎ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 እሑድ፣ በጊዮርጊስ ዕለት ጎሕ ሲቀድ ብቻውን የኛ ሰዎች እቅፍ ውስጥ ገባ። እሱን ሊደግፍ የነበረው ዳቦርሚዳም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ወርዶ እዚያው ቀረ።

መምህሩ ሸምበቆውን አስቀምጦ እኔን አየኝ። «በኛ ሜዳ ላይ ግን አልበርቶኔ አልተሳሳተም» አለ። እውነቱን ነው። እኔ ተራራውን የጣሊያኖቹ ካርታ ስሙን ከጻፈበት ቦታ አጠገብ ስላስቀመጥኩት ሰውየው ከጓደኞቹ ሳይርቅ ደረሰ። የአድዋን ውጊያ እንዲያ ካደረግሁት ጦሩ ለምን በየብርጌዱ ተነጣጥሎ እንደተመታ የሚያይ ሰው ሊገባው አይችልም። የኛን አለቆች ብልጠት አሳነስኩት ማለት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ወሬ ያመጡላቸውን ሰላዮች ድካምም እንዲሁ። ሜትር አውጥተን ለካነው፤ 50 ሳንቲ ሜትር ስቷል። በመሬቱ 2 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያው ቆሜ «ይቆረጥ» አልኩ።

ዛፎቹን ማንም እንዲነካቸው አልፈቀድኩም። በወረንጦ አንድ በአንድ ነቀልኳቸው፤ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ሌሎቻችን የሠራናቸው አንድ እግር ስላላቸው ሳብ ሲያደርጓቸው ይወጣሉ። አንቺ ግን ሽቦውን ከታች ሦስት ቦታ ከፍለሽ እንደ ምጣድ ጉልቻ አስቁመሻቸው ኖሯል፤ ጀሶው አብሮ ካልተነሣ አይወጡም። ያንን ያኔ አላየሁትም ነበር። 41 ነበሩ፣ 37ቱ ደህና ወጥተዋል። አራቱ ስፖንጃቸው ተቀደደ፤ ሽቦውን አስቀምጬልሻለሁ።

ከዚያ በጀሶ የነከርነውን ፋሻ ገፍፌ ፎሙን በመጋዝ ከፈልኩት። ቀኑ ንፋሻም ነበር፤ የአዳማን የበጋ ንፋስ ታውቂዋለሽ። አንዱ በሩን ሲከፍተው የፎሙ ፍርፋሪ ተነሥቶ ቀለሙ ባልደረቀ ጦር ላይ ሰፈረ። አንድ ሙሉ ሳምንት ከነጋሪት መቺዎቹ ላይ ስንለቅም ከረምን።

መምህሩ የነገረኝን አንድ ነገር ላካፍልሽ፤ ከሰማሁት ወዲህ ከልቤ አልወጣም። ዊልያም ሲቦርን የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን የዋተርሉን ጦር ሜዳ በሞዴል እንዲሠራ እ.ኤ.አ. በ1830 ታዘዘ። ሰውየው ስምንት ወር እዚያው ውጊያው በተደረገበት እርሻ ቤት ተቀምጦ መሬቱን ቀየሰ። ከዚያ በሕይወት ላሉት መኮንኖች «በዚያ ሰዓት የት ነበርክ? ፊት ለፊትህ ማን ነበር?» እያለ ደብዳቤ ጻፈ። በ1838 ለሕዝብ ሲያሳየው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ወታደሮች ነበሩበት፤ ዛሬም ለንደን በጦር ሠራዊቱ ሙዚየም አለ። ስምንት ወር! እኔ አድዋን አንድ ቀን እንኳ ሳልረግጥ ነው ተራራዋን የተከልኩት። መንገዱ ከተመቸ አምስት ስድስት ሆነን ለመሄድ ተነጋግረናል። የሰማያታን ተራራ ከሥሩ ቆሜ ሳላይ እንደገና ቢላ አላነሣበትም።

አናጢው ጋሼም ሰላም ብለውሻል። አስካሪዎቹን፣ ለጣሊያን የተሰለፉትን የኤርትራ ወታደሮች፣ በሙሉ የቀቡት እሳቸው መሆናቸውን ወንድምሽ ነግሮሽ ይሆን? ቅድመ አያታቸው በዚያ ወገን የተሰለፉ የሐማሴን ሰው ነበሩ። ለዓመታት ከኛ ጋር ሲሠሩ አንድም ቀን አልተነፈሱም። ከመካከላችን አንዱ «ፊታቸው ይቅር፣ ታርቡሹ ቀይ ከሆነ ይበቃል» ሲል ነው የተናገሩት። ከዚያ ሳጥኑን ወስደው የእያንዳንዱን ዓይን ሠሩ፤ መቀነታቸውን በየሻለቃው ቀለም ለዩ። ከውጊያው በኋላ የተማረኩት አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው እንደተቆረጠ አንቺም ተምረሻል። ሜዳው የሚያሳየው የዚያን ዕለት ረፋድ ስለሆነ እዚያ ድረስ አይሄድም። እንግዳ ሲመጣ ግን በቃል ይነገር ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ጋሼም ተስማሙ፣ ሌሎቹም ተስማሙ። የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው።

አዲሱ ኮረብታ በትክክለኛው ቦታ ቆሟል። ጀሶው ደርቋል፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ መሬቱን ቀብቼዋለሁ። ዛፍ ግን የለበትም። ልጁ «ልትከላቸው ጋሼ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ባለቤቷ ትምጣ አልኩት። በጫማ ካርቶን አድርጌ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፤ እናትሽ እንዳታነሣው ነግሬያታለሁ። የካቲት 23 ሜዳውን ለሰፈሩ ሰው ልናሳይ አስበናል፤ የሴሚስተር ዕረፍትሽ ከዚያ በፊት ከሆነ ሁለት ቅዳሜ ይበቃሻል። የማይመችሽ ከሆነም አትጨነቂ፤ ኮረብታው ለዘንድሮ ራቁቱን ይታያል።

ተራራሽን ሳልጠይቅሽ በመቁረጤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስትመጪ ቀጭን ብሩሽ እዚያ ካገኘሽ ሁለት ያዢልን፤ የእትዬ ብሩሽ ፀጉሩ አልቋል።

አባትሽ
ከአዳማ