ምስሉስ ጠራ፤ ጨረሩስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ሆስፒታሎች «ዲጂታል ራጅ አስገብተናል» ብለው ሲያስተዋውቁ የሚያወሩት ስለ ምስሉ ጥራትና ስለ ፍጥነቱ ነው። ስለ ጨረሩ መጠን ትንፍሽ የሚል የለም። ራጅ ክፍል ውስጥ ስለምሠራ ጥቂት ልበል።

በፊልሙ ዘመን ጨረር ሲበዛ ፊልሙ ይጠቁራል። ሐኪሙም «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ይመልሰዋል። ዲጂታሉ ግን ድምቀቱን ራሱ ያስተካክላል። ጨረሩ ከሚገባው እጥፍ ቢሆንም ምስሉ አይጠቁርም፤ እንዲያውም ጥርት ይላል። ጨረሩ ሲያንስ ነው አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስለው። ያኔ ሐኪሙ ያጉረመርማል። ባለሙያው ደግሞ ጭቅጭቅ አይፈልግም፤ በሚቀጥለው ጨመር ያደርጋል። እንዲህ እንዲህ እያለ መጠኑ ማንም ሳያውቀው ከፍ ይላል።

እኔን የሚያናድደኝ የሕፃናቱ ነው። የደረት ራጅ ታዞ ጨረሩ ከአገጭ እስከ ሆድ ይለቀቃል። ከዚያ ዙሪያው በኮምፒውተር ተቆርጦ ደረት ብቻ የሚታይበት ንጹሕ ምስል ለሐኪሙ ይላካል። ሆዱ ከምስሉ ወጣ እንጂ ከጨረሩ አላመለጠም። የተበላሸውም ምስል እንደዚያው ነው። ድሮ የተበላሸ ፊልም ካርቶን ውስጥ ይጠራቀም ነበር፤ ፊልም ውድ ስለሆነ አለቃም ይቆጣል። አሁን ዴሊት ተጭኖ ልጁን እንደገና ማንሳት ነው።

ሰው ራጅ ይፍራ እያልኩ አይደለም። በደንብ የተነሳ አንድ የደረት ራጅ ከተፈጥሮ በጥቂት ቀናት የምናገኘውን ጨረር ቢያህል ነው። የሆድ ሲቲ ስካን (በራጅ ጨረር ዙሪያውን አንስቶ ውስጡን ክፍል በክፍል የሚያሳየው ምርመራ) ግን የመቶዎችን የደረት ራጅ ያህላል። ቢሆንም ሐኪም አምኖበት ካዘዘ መነሳት ነው።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን በዲጂታል ራጅ የታማሚን ጨረር ስለመቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ2004 መመሪያ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ሎስ አንጀለስ በሚገኝ አንድ ትልቅ ሆስፒታል የጭንቅላት ሲቲ የተነሱ ከ200 በላይ ሰዎች ከታሰበው 8 እጥፍ ገደማ ጨረር መቀበላቸው ተደረሰበት። ለወራት ማንም ልብ አላለውም። የተነቃው አንድ ታማሚ ፀጉሩ ሲረግፍ ነው። ሆስፒታሉ ያለበት የአሜሪካው ግዛት ካሊፎርኒያም የሲቲ ጨረር መጠን በምርመራ ሪፖርቱ ላይ እንዲሰፍር በሕግ አስገደደች።

እኛ ባለሙያዎች ደረታችን ላይ የጨረር መለኪያ ባጅ እናደርጋለን፤ በዓመት ልናልፈው የማይገባ ገደብም አለን። ለታማሚ እንዲህ ያለ ገደብ አልተቀመጠም፤ ሕክምናው ሊያስፈልገው ይችላልና። ስለዚህ ቢያንስ ይመዝገብለት። ሲቲው መጠኑን ራሱ አስልቶ ያሳያል። ዲጂታል ራጁም በፊልም ፋንታ ምስሉን የሚይዘው መቀበያ ላይ የደረሰውን ጨረር የሚጠቁም ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያወጣል። ሪፖርቱ ላይ መገልበጥ ደቂቃ አይፈጅም። ተቆጣጣሪው አካልም ለፍተሻ ሲመጣ ማሽኑን ብቻ አይቶ አይሂድ። የወሩን ቁጥሮችና የተሰረዙትን ምስሎች ብዛት ይጠይቀን።

አንድ የራጅ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ