ደብተሮችሽን ሳገላብጥ

ሚጣዬ፣

ትናንት ማታ አንቺ ከተኛሽ በኋላ ከመስከረም ጀምሮ የጻፍሽባቸውን ደብተሮች ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። ጥር እያለቀ ነው። የሰፈሩ ልጆች የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ካርድ ሊቀበሉ ነው። አስምሽ ጠንቶብሽ ቤት መማር ከጀመርሽ ወዲህ ላንቺ ካርድ የሚሰጥሽ የለም። ይህን የጻፍኩልሽ ለዚያ ነው።

መስከረም ላይ ስለ አደይ አበባ የጻፍሽው ሦስት መስመር ነው፤ አንድም አራት ነጥብ የለውም። ያለፈው ሳምንት ስለ አሞራ ገደል፣ ስለ ሐዋሳው የዓሣ ገበያ፣ የጻፍሽው ግን ሙሉ ገጽ ሆኗል። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ዓሣ ከሚበልቱት ልጆች ጀርባ «እንደ ሽማግሌ ቆመው ይጠብቃሉ» ብለሻል። ደጋግሜ አነበብኩት። ለአባትሽም አነበብኩለት።

ንባብሽ ግን አሳስቦኛል። ማክሰኞ አይተሽው የማታውቂውን ገጽ ስሰጥሽ አንበለበልሽው። «ምን ይላል?» ስልሽ ዝም አልሽ። ጥፋቱ የኔ ነው። አራት ወር ሙሉ «ቶሎ ቶሎ» እያልኩ ፍጥነትሽን ብቻ ነው ያየሁት። ከእንግዲህ በቀን አንድ አንቀጽ ይበቃናል። አንብበሽ፣ መጽሐፉን ዘግተሽ በራስሽ ቃል ትነግሪኛለሽ።

ክፍልፋይም አለ። ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አራተኛ የቱ ይበልጣል ስልሽ፣ «አንድ አራተኛ፤ 4 ከ3 ስለሚበልጥ» አልሽኝ። ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚሁ ጋ ነው። እኔ ግን ታኅሣሥ ላይ ምዕራፉን «አልቋል» ብዬ ምልክት አድርጌበት ነበር። እሁድ ሁለት እኩል አምባሻ ጋግሬ አንዱን ለሦስት፣ ሌላውን ለአራት ስንቆርስ እጅሽ ቀጥ ብሎ ለሦስት ወደተቆረሰው ሄደ። «አንድ አምስተኛስ?» ስልሽ፣ «ለአምስት ሰው ከሆነማ ያንሳል» አልሽኝ። ያኔ ደስ ያለኝን ደስታ እግዜር ያውቀዋል።

አክስትሽ «ከእኩዮቿ ወደ ኋላ እንዳትቀር» ስትል ሰምተሽ እንደከፋሽ አውቃለሁ። የ6ኛ ክፍል ፈተና ገና ሁለት ዓመት አለው። ክፍልፋይን ሰኞ ከመጀመሪያው ገጽ እንጀምራለን፣ እንዳይከፋሽ።

የዚህ ወረቀት ጀርባ ባዶ ነው። እኔ ሳስረዳሽ የማይገባሽ መቼ መቼ እንደሆነ ጻፊልኝ። አልቆጣም።

እናትሽ