አርቪ ይዘው የሚመጡት ሽማግሌዎች አልጋ አይፈልጉም

ጤና ይስጥልኝ ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ ከዚሁ ከአሪዞና አንድ ወንድማችን የጻፈውን አነበብኩት። ቦታ ገዝቼ ለአርቪ፣ ማለት ሰው ውስጡ ለሚኖርበት ተሽከርካሪ ቤት፣ ማቆሚያ አዘጋጅቼ ዊንተሩን ሙሉ አንድ ሌሊት እያደሩ ነው የሚሄዱብኝ፣ ይሄ ስኖውበርድ ምናምን የምትሉት ወሬ ነው፣ ገንዘባችሁን እንዳታቃጥሉ ብሎ ነው የጨረሰው። መናደዱ ይገባኛል፣ እኔም የመጀመሪያው ዓመት ላይ ልክ እንደሱ ነበርኩ፣ ባለቤቴን ጠይቋት። ግን ወሬ አይደለም፣ ሌላው ሰው እሱን አንብቦ እንዳይሸሽ ብዬ ነው ይሄን ከስልኬ ላይ የምጽፍላችሁ፣ የፊደል ስህተት ካለ አርሙልኝ።

ለማያውቅ ሰው፣ ስኖውበርድ የሚባሉት ብርድ የሚሸሹ ጡረተኞች ናቸው። ከሚኒሶታ፣ ከዳኮታ፣ ከሞንታና፣ ከካናዳ ቤታቸውን ቆልፈው ወይ ተጎታች ቤት በፒክአፕ እየጎተቱ ወይ አውቶቡስ የሚያክል ሞተርሆም እየነዱ ኦክቶበር ኖቬምበር ላይ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፣ ማርች ኤፕሪል ላይ ይመለሳሉ። ፍሎሪዳ የሚሄድ አለ፣ ቴክሳስ ሪዮ ግራንዴ ቫሊ የሚሄድ አለ፣ እዛ ዊንተር ቴክሳንስ ነው የሚሏቸው። ወደኛ የሚመጡት ደግሞ ዩማ፣ ሜሳ፣ ኳርትዝሳይት ይሰፍራሉ።

እኔ ያወቅኳቸው ትራክ ስነዳ ነው። ሪፈር የሚባለውን ማቀዝቀዣ ያለው ተጎታች እየጎተትኩ ዊንተር በመጣ ቁጥር ዩማ ሰላጣ ልጭን እመጣ ነበር፣ በዊንተር አሜሪካ የሚበላው ቅጠላ ቅጠል አብዛኛው ከዚህ ነው የሚወጣው፣ ሪፈር የነዳ ሀበሻ ይሄን መስመር ያውቀዋል። ታዲያ አይ ቴን በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ኳርትዝሳይት ስደርስ በረሃው በአርቪ ነጭ በነጭ ሆኖ አያለሁ፣ እውነቴን ነው መጀመሪያ የስደተኛ ካምፕ መስሎኝ ነበር። በሰመር ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ የሚኖርባት ከተማ ጃንዋሪ ላይ መንገዱ አያሳልፍህም። እግረ መንገዴን፣ እዛች ከተማ መቃብር ውስጥ እንደ ፒራሚድ የተሠራ የድንጋይ ሐውልት አለ፣ ጫፉ ላይ ግመል ቆማበታለች። ሀጂ አሊ የሚባል ሰው ነው፣ የአሜሪካ ጦር በረሃውን በግመል ላቋርጥ ብሎ ሲሞክር በ1856 ከግመሎቹ ጋር የመጣ የኦቶማን ዘመን ሰው፣ ፈረንጆቹ ስሙን መጥራት አቅቷቸው ሃይ ጆሊ አሉት፣ በ1902 እዛው ሞተ። የኔን ስም ምን እንደሚያደርጉት ስለማውቅ በዛ ባለፍኩ ቁጥር ሰላም እለዋለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከባለቤቴ ወንድም ጋር የእቁብ ብርና ብድር ጨምረን ከዩማ ወጣ ብሎ 14 ሳይት፣ ማለት 14 የአርቪ ማቆሚያ ቦታ፣ ያለው ያረጀ ፓርክ ገዛን። እና ሆቴል የከፈትን መሰለን። በሌሊት 45 ዶላር ብለን አፕ ላይ አወጣን፣ የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ፣ የዘንባባ ፎቶ፣ አማቼ ድሮን ሁሉ ተከራይቶ አስነሳ። ሰው መጣ፣ አደረ፣ ሄደ። በየቀኑ ሰው ማስገባት፣ በየቀኑ ማስወጣት፣ በየቀኑ ስልክ፣ ዲሴምበር ላይ እኔና አማቼ መነጋገር አቁመን ነበር።

እነዚህ ሰዎች እኮ ቤታቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። አልጋ አላቸው፣ ኩሽና አላቸው፣ አንዳንዱማ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሁሉ አለው፣ ስለዚህ ዘንባባህን አይተው አይቆዩልህም። ካንተ የሚፈልጉት ደልዳላ መሬት፣ የማይቆራረጥ መብራት፣ ውሃ፣ ፍሳሽ እና ጎረቤት ነው፣ በቃ።

ይሄን ያስተማሩኝ ሞንታና ውስጥ ኤሌክትሪሺያን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ለአንድ ሌሊት ገብተው ጠዋት ሲወጡ ቢሮ መጡና ቦታህን ወደነዋል፣ ሁለት ወር እንቀመጥበት ነበር፣ ግን መብራትህ ያስፈራል አሉኝ። ይዘውኝ ሄደው አርቪው የሚሰካበትን የመብራት ሳጥን ከፍተው አሳዩኝ፣ ሶኬቱ ቀልጦ ከሰል መስሏል። ለካ 30 አምፕ የሚባለው የመብራት መስመር በ120 ቮልት 3600 ዋት ብቻ ነው የሚሸከመው፣ አንድ ሄተርና አንድ ማይክሮዌቭ ላይ ሌላ ነገር ከተጨመረ ብሬከሩ ይወርዳል። ትልልቆቹ መኪኖች ደግሞ 50 አምፕ ነው የሚፈልጉት፣ ቁጥሩን ስታየው እጥፍ እንኳን አይሞላም ግን በሁለት መስመር ስለሚገባ 12,000 ዋት ነው፣ ከሶስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። እዚህ ላይ ኒውትራል የሚባለው ሁለቱ መስመሮች የሚጋሩት ሽቦ ከላላ ቮልቴጁ ይዛባና የሰውየውን ፍሪጅና ቲቪ ያነደዋል። በዘመድ ልጅ የሚሠራ ሥራ አይደለም፣ ላይሰንስ ያለው ሰው ይሥራው። እኛ መጀመሪያ በርካሽ አሠራንና የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሆነብን፣ ሁለቴ ከፈልን። የሳይቱም ርዝመት እንደዛው ነው፣ 40 ጫማ ተጎታች ይዞ የመጣ የ70 ዓመት ሰው ወደኋላ እየነዳ ዛፍ መሀል ግባ ብትለው አይገባልህም፣ ዛፉን ሁለት ቦታ ቆረጥነው፣ ፍሳሹንም ቱቦው ቁልቁል እንዲወርድ ዝቅ አድርገን እንደገና ቀበርነው። ይሄ ሁሉ ፎቶ ላይ አይታይም፣ ግን በር ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

ዋጋን በተመለከተ ወንድማችን አንድ ነገር የረሳ ይመስለኛል፣ ተፎካካሪህ ጎረቤትህ ያለው ፓርክ ብቻ አይደለም፣ መንግሥት ነው። ቢኤልኤም የሚባለው የመንግሥት መሬት የሚያስተዳድር የፌዴራል መሥሪያ ቤት በረሃው ላይ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ለሰባት ወር የሚያስቀምጥባቸው ቦታዎች አሉት፣ ለብዙ ዓመት ሙሉ ሲዝኑን 180 ዶላር ነበር። 180 ለሰባት ወር! አንተ ታዲያ በወር 500 ስትለው ሰውየው ልዩነቱን ለምን እንደሚከፍል ማወቅ አለብህ። እዛ በየሳይቱ የመብራት መሰኪያ የለም፣ የፍሳሽ ቱቦ የለም፣ ታንክህ ሲሞላ ነቅለህ ሄደህ ነው የምትደፋው፣ ጉልበቱ የሚያመው ሰው ይሄን ለሰባት ወር አይፈልገውም። መድኃኒቱ በፖስታ የሚመጣለት ሰው አድራሻ ይፈልጋል። ሚስቱ ቀዶ ጥገና ያደረገች ሰው ሆስፒታሉ ስንት ደቂቃ ነው ይልሃል። እና ሁሉም፣ ያለ ማጋነን ሁሉም፣ ሎስ አልጎዶነስ ስንት ማይል ነው ብለው ይጠይቃሉ፣ ድንበሩን በእግር ተሻግረው ሜክሲኮ ጥርስ የሚያሠሩበት ከተማ ነው፣ የጥርስ ሀኪም በየበሩ ነው። እኔ አሁን ማስታወቂያዬ ላይ ዘንባባውን አውጥቼ እነዚህን ነው የጻፍኩት።

መብራትን ኪራይ ውስጥ አታካትት፣ ይሄን በደንብ ስማኝ። የበረሃ ሌሊት ይበርዳል፣ መብራት ነጻ ከሆነ የራሳቸውን ፕሮፔን ጋዝ ቆጥበው በኤሌክትሪክ ሄተር ነው የሚሞቁት፣ አልፈርድባቸውም እኔም ብሆን አደርገዋለሁ። የመጀመሪያው ጃንዋሪ ቢል ሲመጣ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። አሁን እያንዳንዱ ሳይት ቆጣሪ አለው፣ በወር የሚቀመጥ የተጠቀመውን ይከፍላል፣ ማንም አላጉረመረመም፣ የለመዱት ነገር ነው።

ሰው የሚገኘው ደግሞ በኦክቶበር አይደለም፣ በማርች ነው። ሊሄዱ እቃ ሲሸክፉ ለሚቀጥለው ዓመት ያው ሳይትህን ልያዝልህ ወይ ትላቸዋለህ፣ ትንሽ ቀብድ ይሰጡሃል፣ ደብተር ላይ ትጽፋለህ። አንዱ ሲይዝ ጓደኛው አጠገቡ ይፈልጋል፣ ያኛውም እህቱን ያመጣል። ባለፈው ዓመት ከ14ቱ 9ኙ እንደዚህ ነው የተያዙት፣ አፕ አልነካንም።

ጎረቤት ያልኩት ነገር ቀልድ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ሲሰበሰቡ እድር በለው። አንዱ ሲታመም ምግብ በተራ ይሠራሉ፣ ውሻውን በተራ ያንሸራሽራሉ፣ መኪናው ሲበላሽ አምስት ሽማግሌ ሥሩ ይተኛል። እኛ ያደረግነው ጠረጴዛና ጥላ ያለው ቦታ መሥራት ብቻ ነው። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ታፈላለች፣ የመጀመሪያው ቀን ዕጣኑ አስነጥሷቸው ሁለቱ ተነስተው ሄዱ፣ አሁን ዕጣኑ ቀርቶ ፈንዲሻው ነው የሚያጣላቸው። አማቼ ቡናውን እናስከፍል ሲል ዝም በል አልኩት።

ችግር የለም አልልም። ካናዳዎቹ በዓመት ከስድስት ወር በላይ መቀመጥ ስለማይችሉ ቀን ይቆጥራሉ፣ ዶላራቸው ሲወርድ የያዙትን ይሰርዛሉ፣ በ2025 ደግሞ ከፖለቲካውም ከ30 ቀን በላይ የሚቀመጥ ይመዝገብ ከሚለው ደንብም ጋር ብዙዎቹ ቀሩ፣ ከኔ አምስት ካናዳዎች ሦስቱ አልመጡም። ከአንድ አገር ሰው ብቻ አትሙላ። ውሉንም እዚህ ስቴት ከ180 ቀን በላይ ካደረግከው ሌላ የተከራይ ሕግ ውስጥ ነው የምትገባው፣ ጠበቃ ሳትጠይቅ እንዳትፈርም። ሰመሩ ደግሞ ባዶ ነው፣ ሙቀቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ እኔ ኤፕሪል ላይ ወደ ትራኬ እመለሳለሁ፣ የዓመቱ ሂሳብ በስድስት ወር ካልተዘጋ ቦታውን አትግዙት።

የሞንታናው ሽማግሌ በቀጣዩ ዓመት ተመልሰው መጡ፣ መጀመሪያ ሳጥኑን ከፍተው አዩ፣ ከዛ ነው ሞተሩን ያጠፉት። 7 ቁጥር ሳይትን ለመጪውም ኖቬምበር ይዘውታል። እና ያ የጻፈው ወንድማችን ስለ ማስታወቂያ፣ ስለ አፑ፣ ስለ ፈረንጅ ጸባይ ሁለት ዓምድ ሙሉ ሲጽፍ መብራቱ ስንት አምፕ እንደሆነ አንድም ቦታ አልነገረንም። መጀመሪያ እሱን ይንገረን።

አንባቢያችሁ፣ ከዩማ አሪዞና